ከሚገባው በላይ የሞቀ ደብዳቤ

ከጻፈው ሰው ይልቅ ደግ የሆነ ደብዳቤ ደርሷችሁ ያውቃል? ማለቴ ሰውየውን በደንብ ታውቁታላችሁ፤ ቁጡ ነው፣ ቃል ይቆጥባል፣ ፍቅሩን የሚገልጸው በግሳጼ ነው። ከዚያ አንድ ቀን በስሙ የመጣ ፖስታ ስትከፍቱ ውስጡ ማር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ደስ ይላችኋል? ወይስ እንደ እኔ ወረቀቱን እያገላበጣችሁ «ይህ ሁሉ ሙቀት ከየት መጣ?» ትላላችሁ?

መምህር ነኝና ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። ይህን የምጽፈው አራዳ ላላችሁ ዘመዶቼና ጎረቤቶቼ፣ እንደ እኔም በሰው አገር ለተበተናችሁ ነው።

የሄድኩበት አውሮፕላን የሚነሳው ሌሊት ነበር። የሰዓት እላፊን ነገር ግን ታውቃላችሁ፤ ሌሊት የሚሄድ ሰው የሚሰናበተው በቀን ነው። ስለዚህ እኔ ከአገሬ የወጣሁት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ከአባቴ የልብስ ስፌት ቤት ነው ብል ይሻላል። ከዚያ በኋላ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማንጋት ነው፤ እሱ መሄድም መቅረትም አይባልም።

የአባባን ሱቅ የማያውቅ ካለ፣ ከምኒልክ አደባባይ ወደ ፒያሳ ቁልቁል ስትወርዱ፣ አንድ መስኮትና አንድ መኪና ያላት ጠባብ ቤት ናት። መኪና ያልኩት የስፌቱን ነው። ሻንጣዬ ደጃፍ ላይ ነበር፣ ታክሲው ጡሩምባ ያሰማል፣ እህቴ ጽጌ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። አባባ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱና «ዙር» አሉኝ።

«አባባ፣ ታክሲው እኮ ቆሟል።»

«ታክሲው ኮት አይሰፋልህም። ዙር አልኩህ።»

ዞርኩ። ደረት፣ ወገብ፣ እጅጌ፣ መጨረሻ ላይ ከኋላዬ ቆመው ትከሻ። «አርባ ስድስት» አሉ፤ ጽጌ እያለቀሰች ደብተሩ ላይ ጻፈችው። ደህና ሱፍ ጨርቅ በዚያን ጊዜ ከገበያ ጠፍቶ ነበር፤ ሲገኝ ሰፍተው ሊልኩልኝ ነው። ትርፍ ሜትር ጠቅልለው ኪሴ ከተቱና እንዲህ አሉኝ፦

«ሰው አገር ሰውነት ይለወጣል። በየደብዳቤህ ልክህን ጻፍልኝ። አርመን አገር ነው አይደል የምትሄደው?»

«አዎ አባባ፤ ሶቪየት አርመኒያ።»

«እኔን ያስተማረኝ አርመን ነው፣ እዚሁ ፒያሳ። ጎበዝ ሰፊ ነበር። እጅጌ ላይ ግን ይቸኩል ነበር። እጅጌ ላይ የሚቸኩል ሰው አትመን።»

ስንብታችን ይኸው ነው። አልሳሙኝም ማለቴ አይደለም። ሳሙኝ፤ ግን ከንፈራቸው ላይ መርፌ እንደያዙ ሁሉ በጥንቃቄ።

ለመሆኑ ምን ልማር ሄድኩ? ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የጠየቀኝ የመውጫ ፈቃድ የሚሰጠው ጓድ ነው። ፎርሜን ራቅ አድርጎ ይዞ አነበበው።

«የኮስሚክ ጨረር ፊዚክስ። ጨረር ለሆስፒታል ነው?»

«አይደለም ጓድ። ከሰማይ የሚመጣ ነው። ፈንድተው ያለቁ ከዋክብት የወረወሯቸው በጣም ትናንሽ ቅንጣቶች ናቸው።»

«ለሰፊው ሕዝብ ምን ይጠቅማል?»

እኔ ደግሞ ጥያቄ ሲቀርብልኝ ማብራራት እወዳለሁ። «በጋላክሲዎች ዙሪያ ያለው ጋዝ ለምን እንደሚሞቅና ለምን እንደማይረጋጋ ለማወቅ ይረዳል» አልኩት።

ፊቱ በራ። «እንዲህ በል እንጂ! ጋዝ! ቀበሌያችን ውስጥ ሕዝቡ ለጋዝ ሰልፍ ቆሞ ነው የሚውለው።» ብዕሩን አነሳና በዓላማው ቦታ ላይ «የጋዝ ትምህርት» ብሎ ጻፈ፣ ማህተሙንም መታ። ላርመው አፌን ስከፍት ከኋላዬ የቆመው ሰው ጎኔን በክርኑ ነካኝ። አሁን ድረስ ወረቀቴ ላይ የማጠናው የላምባን ነገር ነው።

የደረስኩበት ቦታ ተራራ ነው። እንጦጦን ሦስት ጊዜ ብትደራርቡትና አናቱ ላይ በረዶ ብትደፉበት እሱን ይመስላል። ከተራራው ወገብ በላይ የጥናት ጣቢያ አለ፤ ከሰማይ የሚወርዱትን ቅንጣቶች የሚቆጥሩ ሣጥኖች የተደረደሩበት ረጅም ቤት ነው። ከሥሩ መንደር አለ፤ እዚያ ሃይካኑሽ ከሚባሉ ባልቴት ቤት አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ሃይካኑሽ ጥቁር ይለብሳሉ፣ ያጨሳሉ፣ በሚናገሩት ሁሉ መጨረሻ ላይ «ጃን» ይላሉ፤ እኛ «ዬ» እንደምንለው ነው። በመጀመሪያው ቀን ክፍሉን ሲያሳዩኝ በሩሲያኛ ተነጋገርን።

«ምድጃው ትንሽ ያጨሳል።»

«በመስኮቱ በኩልም ነፋስ ይገባል፣ እትዬ።»

«እሱማ ጭሱ እንዲወጣ ነው፣ ጃን። ሁሉም ታስቦበታል።»

ምግባቸው ላቫሽ የሚሉት ስስ ቂጣ አለ። ከሩቅ ሳየው እንጀራ መስሎኝ ልቤ ዘለለ፤ ስቀርበው ዓይን የለውም፣ ስቀምሰው ኮምጠጥ አይልም፣ እንደ ወረቀት ይታጠፋል። እርጎ ግን አላቸው፤ እርጎው ያው እርጎ ነው፣ ለእሱ አላለቀስኩም። ሰዉ ሰላምታ ላይ ይቸኩላል። «ደህና ነህ?» ብሎ መልሱን ሳይሰማ ያልፍሃል፤ እኛ የቤቱን ሰው አንድ በአንድ፣ ላሟንም ጭምር ጠይቀን ስናበቃ እነሱ ሥራቸውን ጨርሰው ቤታቸው ገብተዋል።

አሁን ስለ ሥራው ላስረዳ፤ ይህ ካልገባችሁ የኋላው አይገባችሁምና። እባካችሁ አትዝለሉት፤ ተማሪዎቼ የሚዘሉት ሁሌ ይህንን ነው፣ ፈተና የሚመጣውም ከዚሁ ነው።

ጋላክሲ ማለት ስፍር ቁጥር የሌላቸው ከዋክብት የተሰበሰቡበት ከተማ በሉት። ከከተማው ውጭ፣ በዙሪያው ሁሉ፣ በጣም ስስ የሆነ ጋዝ አለ። ኮከብ የለበትም፣ እሳት የለበትም፤ ግን ሲለካ ከሚገባው በላይ ይሞቃል። ምን አሞቀው? ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ኮስሚክ ጨረር ነው።

እንዴት እንደሆነ የገባኝ ፒያሳን ሳስብ ነው። ሰዓት እላፊ ሲቃረብ ትዝ ይላችኋል? ሲኒማው ይለቃል፣ ከውቤ በረሃ መጠጥ ቤቶች ሰው ይወጣል፣ ሁሉም ቤቱ ለመድረስ ይሮጣል። አስፋልቱ ዳር ደግሞ የትም የማይሄድ የቆመ ሰው አለ፤ ሎተሪ የሚሸጥ፣ ታክሲ የሚጠብቅ፣ እዚያው ሰፈር የሚኖር። አንድ ሰው ብቻውን ቢሮጥ በቆሙት መሀል ሾልኮ ያልፋል። ብዙዎች በአንድ አቅጣጫ፣ ሕዝቡ መንገድ ሊለቅላቸው ከሚችለው ፍጥነት በላይ ሲሮጡ ግን የቆመው ሕዝብ ይናወጣል። መናወጡ ማዕበል ይሆናል፤ ማዕበሉ ተመልሶ ሯጮቹን ይይዛቸዋል፣ ያንገላታቸዋል፣ ያዘገያቸዋል። የቆመው ሰው ደግሞ ሳይሮጥ ያልበዋል። ሯጮቹ ኮስሚክ ጨረር ናቸው፤ አስፋልቱ የማይታየው የማግኔት መስመር ነው፤ የቆመው ሕዝብ ጋዙ ነው። ሯጮቹ ማንንም ለማሞቅ አላሰቡም፤ ቤታቸው ለመድረስ ነው የሮጡት። ጋዙ ግን ሞቀ።

ነገሩ በሙቀት ብቻ አያበቃም። ድምፅ በአየር ውስጥ እንደሚሄደው ሁሉ በጋዙም ውስጥ ትናንሽ ግፊያዎች ይሄዳሉ። በሌላ ጊዜ እየደከሙ ይጠፋሉ። ቅንጣቶቹ በብዛት ሲያልፉበት ግን ግፊያው በትክክለኛው ጊዜ ተጨማሪ ሙቀት ያገኛል፤ ከመድከም ይልቅ ያድጋል። በሹክሹክታ የተጀመረው ጩኸት ይሆናል። ያ ጸጥ ብሎ የኖረ ጋዝ እንደ ድሮው መቀመጥ አይችልም። የእኔ ሥራ ግፊያው መቼ እንደሚደክምና መቼ እንደሚያድግ በስሌት መለየት ነበር። ጋዙ ምን ማድረግ ይችላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ምንም። የሚያልፈውን አያይም፣ አይከለክልም፣ አይሸሽም። መናወጥ ብቻ ነው ያለው።

የጣቢያው ኃላፊ ሩቤን የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ስሌቴን ይዤ በሄድኩ ቁጥር የሚሉኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ጋዙ ከሚገባው በላይ ከሞቀ ሙቀቱን አታድንቅ። ምንጩን ፈልግ።»

ወደ ደብዳቤዎቹ ልመለስ። አባባ በራሳቸው እጅ አይጽፉም፤ ዓይናቸው ለመርፌው ነው የሚቆጠበው ይላሉ። እሳቸው ይናገራሉ፣ ጽጌ ትጽፋለች። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የመጡት ሁሉ እንደሚከተለው ነበሩ፦ «ደህና ነኝ። ደረት ጻፍክ፣ ወገብ ጻፍክ፣ ትከሻ የት አለ? ያለ ትከሻ ኮት የለም። ፎቶህን አየሁ፤ ጎብጠሃል። ቀና በል። ሥራህን ሥራ። አባትህ በላቸው።» ሙሉ ደብዳቤው ይኸው ነው። ስምንት ሳምንት ተጉዞ የመጣ።

ትከሻውን ያልጻፍኩት ብቻዬን መለካት ስላልቻልኩ ነበር። መጨረሻ ላይ ሜትሩን ይዤ ሃይካኑሽ ዘንድ ሄድኩ። ሲጋራቸውን ከአፋቸው አውጥተው፣ ወንበር ላይ ቆመው ለኩኝ።

«አርባ አራት። መንምነሃል፣ ጃን። ሰው እንዳይሰማ፤ የማበላህ እኔ ነኝ።»

አርባ አራት ብዬ ጻፍኩ። ለዚያ ደብዳቤ የመጣው መልስ፦ «ሁለት ቀንሰሃል። ጨርቅ ተገኝቷል። ብላ። በላቸው።» ይላል።

ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዝምታው በኋላ የመጣው ደብዳቤ «ለምወድህ ልጄ» ብሎ ይጀምራል። ናፍቆቴ እንቅልፍ እንደነሳቸው፣ በእኔ እንደሚኮሩ፣ ፎቶዬን ሱቁ መስኮት ላይ እንዳደረጉት ይናገራል። ሦስት ገጽ ነው። ስለ ትከሻ አንድም ቃል የለበትም። የሚቀጥለው አራት ገጽ ሆነ። እውነቱን ልናገር፣ በመጀመሪያ ደስ አለኝ። አባቴ እያረጁ ልባቸው ራራ አልኩ። ደብዳቤዎቹን ለሃይካኑሽ ሳይቀር በሩሲያኛ ተረጎምኩላቸው።

ከዚያ ኮቱ መጣ። ለትምህርት የሚመጣ የሰፈራችን ልጅ ይዞልኝ መጥቶ በከተማው ባቡር ጣቢያ ተገናኘን። ብዙ ዓመት የማውቀው ተጨዋች ነበር፤ ሰፈራችን አፍንጮ በር ውስጥ እሱ ያላሾፈበት ሰው የለም።

«አባባ እንዴት ናቸው?» አልኩት።

«ሁሉም ደህና ነው፣ ቲቸር» አለኝ፣ ሻንጣውን እያየ። «ባቡሬ… ባቡሬ ደርሷል።»

«ገና አርባ ደቂቃ አለህ እኮ!»

«የዚህ አገር ባቡር አይታመንም» ብሎ ሄደ። ያ ሁሉ ቀልድ የት ገባ?

ኮቱን ክፍሌ ወስጄ መብራት ሥር ዘረጋሁት። የሰፊ ልጅ ነኝ፤ ኮት ማንበብ ከፊደል በፊት ነው የተማርኩት። ቅዱ የአባባ ነው፤ ትከሻው አርባ አራት፣ ልክክ ያለ። ኮሌታው የእሳቸው ነው። የግራው እጅጌ የእሳቸው ነው፤ ትከሻው ላይ አንዲት ስብራት የለችበትም። የቀኙ እጅጌ ግን ተቸኩሎበታል። ጨርቁ ይጨማደዳል፣ ክሩ ይሳባል። ከብብቱ ሥር ደግሞ ሰፊ ለጊዜው መያዣ ብሎ የሚያልፍበትና ሥራው ሲያልቅ የሚነቀለው ነጭ ክር እንዳለ ቀርቷል። አባባ ነጭ ክር ያልተነቀለለት ልብስ ከሱቃቸው ከሚወጣ ሱቁ ቢቃጠል ይመርጣሉ።

አንድ ሰው ሥራውን የት ላይ እንዳቆመ በጣት ማሳየት ይቻል ነበር፤ በግራውና በቀኙ እጅጌ መካከል።

ደብዳቤዎቹን አውጥቼ በቀናቸው ደረደርኳቸው። ልማዴ ነውና የገጹን ብዛት በመስመር ሳልኩት፤ መስመሩ መሬት ለመሬት ሄዶ ሄዶ ድንገት ሽቅብ ወጣ። ከሚገባው በላይ ሞቋል። ምንጩን ፈልግ። ከሞቁት ደብዳቤዎች አንዱን ሳነብ «እኔን አታስብ፤ የአንተ ጤና ለእኔ እንደ ጠበል ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አየሁ። ያን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ።

እንዲህ ነው። ከመሄዴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ጎረቤታችን እማማ ዘነበች አረፉ። አንድ ልጃቸው ኩባ ነበር። የእድሩ ዳኛ ቤታችን መጡ፤ «ልጁ ብቻውን ነው፤ ሰው አገር፣ አጽናኝ በሌለበት፣ እንዴት መርዶ ይነገረዋል? እስኪመለስ ይቆይ። አንተ መምህር ነህ፣ በእናቱ ስም ጻፍለት» አሉኝ። ጻፍኩ። ለሁለት ዓመት ጻፍኩ። እማማ ዘነበች ምላሳቸው እሳት ነበር፤ እኔ ግን እንዳይታወቅ ብዬ ደግ ደግ አድርጌ ነበር የምጽፈው፤ የጠበሉን ዓረፍተ ነገር በተለይ እወደው ነበር። ጽጌ አጠገቤ ተቀምጣ ፖስታውን ትለጥፍ ነበር። «እንዲህ ነው የሚጻፈው» እያልኩ አስረዳት ነበር። ማብራራት እወዳለሁ ብያችኋለሁ።

ታዲያ አሁን ምን ላድርግ? እንደ ደንቡ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚይዝህ ሰው በግራና በቀኝህ ቆሞ። እስኪነገርህ ድረስ አልሞተም። ማልቀስ አትችልም፣ ተዝካር አታወጣም፣ ስሙን «ነፍስ ይማር» ብለህ አትጠራም። በዚህ ተራራ ላይ ደግሞ ከእኔ በቀር አማርኛ የሚናገር የለም። የነገረኝ የለምና አባቴ አልሞቱም። በሕይወት እንዳሉም የነገረኝ የለም።

ለጽጌ «እውነቱን ንገሪኝ» ብዬ ጻፍኩ። አምስት ገጽ መለሰችልኝ፤ አባባ ሰላም ብለውኛል። ወደ አገር ቤት ለእረፍት ለመሄድ ለኤምባሲያችን አመለከትኩ። «ትምህርትህን ስትጨርስ ትሄዳለህ ጓድ» የሚል መልስ መጣ። ሶቪየት አገር ከምንማረው ከእኛ መካከል ለእረፍት ብሎ የሄደ አንድ ልጅ ነበር፤ ፓስፖርቱን ቦሌ ላይ ተቀብለውት እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ሄጄም ቢሆን ማንም በወጉ ሳያረዳኝ እንዴት ሱቁ በር ላይ እደርሳለሁ?

በዚያው ሰሞን የመኖሪያ ፈቃዴን የማሳድስበት ጊዜ ደረሰ። በየዓመቱ አንድ ዓይነት ፎርም ነው። ጸሐፊዋ ወፍራም መነጽር ያደረገች ሴት ናት፤ ስም ላይ በየዓመቱ ተጣልተናል፤ የአባቴ ስም እንዴት የቤተሰቤ ስም እንደማይሆን እስከ ዛሬ አልተዋጠላትም። ዘንድሮ ጣቷን ሌላ ቦታ ላይ አሳረፈች።

«ይህን ባዶ ትተኸዋል። አባት፤ በሕይወት አለ፣ የለም። አንዱን ሰርዝ።»

«አላውቅም።»

«የራስህን አባት አታውቅም?»

«አባቴን አውቃለሁ። በሕይወት መኖራቸውን ነው የማላውቀው።»

«ጻፍና ጠይቅ።»

«ብጠይቅ አይነግሩኝም። ከሞቱ ደህና ናቸው ይሉኛል።»

«በሕይወት ካሉስ?»

«ያኔም ደህና ናቸው ይሉኛል።»

መነጽሯን አወለቀች። «ስለዚህ ሞቷል።»

«አልተነገረኝም።»

«ስለዚህ አለ።»

«እሱም አልተነገረኝም።»

«ወጣት፣ ይህ ቢሮ ነው። ባዶ ቦታ ክልክል ነው።» አምና የሞላሁትን ፎርም ከመዝገብ አወጣችና አየችው። «አምና አለ ብለሃል። የተለወጠ ነገር ስላልተረጋገጠ አምና የነበረው ይቀጥላል።» «የለም» የሚለውን በራሷ ብዕር ሰርዛ ማህተም መታችበት። አባቴ በአንድ ቢሮ ማህተም ለአንድ ዓመት ተፈቀደላቸው። ስቄ ወጣሁ፤ ደረጃው ላይ ስደርስ ግን ተቀመጥኩ።

ሃይካኑሽ ነገሩን ከፊቴ አነበቡት። አስረዳኋቸው፤ ሳያቋርጡኝ ሰሙ፣ ሲጋራውም ጠፋባቸው።

«እኔ ልንገርህ?» አሉኝ በመጨረሻ። «ነገ በማለዳ። ጎረቤቶቹን እጠራለሁ፤ ሁለት ጠንካራ ሰዎች በጎንህ ይቆማሉ። እኛም ቤተ ክርስቲያናችን እንደ እናንተው ነው፤ ቄሱንም እጠራዋለሁ።»

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ አያውቁም።»

«አላውቅም።»

«የማያውቅ ሰው መርዶ አይነግርም።»

«የሚያውቀው ደግሞ አይነግርህም» አሉ። «ምን ዓይነት አገር ነው፣ ጃን?»

ደግ አገር ነው ልላቸው ፈልጌ ነበር፤ ክፉ ነገር እንዳይነካህ ብሎ አፉን የሚይዝ። እነሱም እኔን ለማናወጥ አላሰቡም፤ ሯጮቹ ማንንም ለማሞቅ አላሰቡም ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

በዚህ መካከል ሥራዬ አልቆመም። በስሌቴ ውስጥ ያለው ግፊያ አይደክምም፤ ያድጋል። ሩቤን ተደሰቱ። «አየህ፣ ጋዙ አይረጋጋም!» አሉና ጀርባዬን መቱኝ። አሁንም አንድ ያልፈቱት ነገር አለ፤ የራሳችን ጋላክሲ ዙሪያ ያለውን ጋዝ ልክ ማወቅ ከሌሎቹ ይልቅ ይከብዳል። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ውስጡ ስላለን ነው። የሌላውን ከሩቅ ቆሞ ማየት ይቻላል። የራሳችንን ከኋላ ሆኖ የሚያይልን የለም።

ባለፈው ሳምንት ደወልኩ። ስልክ ለመደወል ሦስት ቀን አስቀድሞ መመዝገብ፣ ከዚያ ፖስታ ቤት ሄዶ ስምህ እስኪጠራ መጠበቅ ነው። ጽጌ በቴሌግራም ተነግሯት የጎረቤት ስልክ አጠገብ ቆማለች። መስመሩ እንደ ንፋስ ይጮሃል።

«ዘሪሁንዬ! እንዴት ነህ? ብርዱ እንዴት ነው? በልተሃል?»

«ደህና ነኝ። አባባስ?»

«ደህና ናቸው። ጊዮርጊስ ሄደዋል።»

ከዚያ በፊት በደወልኩባቸው ሦስት ጊዜያትም ጊዮርጊስ ሄደው ነበር። ጠዋትም፣ ከሰዓትም፣ በሥራ ቀንም። አባባ ሱቅ ዘግተው በሥራ ቀን ቤተ ክርስቲያን የሚውሉ ሰው አይደሉም፤ «እግዜር በመኪናው ድምፅ ያውቀኛል» ነው የሚሉት።

ልጠይቃት የተዘጋጀሁት ብዙ ነበር፤ በወረቀት ላይ በተራ ቁጥር ጽፌ ይዤ ነበር። አንዱንም አልጠየቅኩ። ብጠይቃት ከዚያ ስልክ አጠገብ ብቻዋን ቆማ ልትዋሽ ነው፤ ወይም ደግሞ ብቻዋን ቆማ ልትነግረኝ ነው። ሁለቱም አንድ ሰው የሚሸከመው አይደለም።

«ጽጌ» አልኳት፣ «ኮቱ ደርሶኛል። ለአባባ ልክ ነው በያቸው። ትከሻው ልክ ነው።»

«ተመስገን!» አለች ቶሎ ብላ።

«የቀኙን እጅጌ የሰፋውም ሰው እጁ ይባረክ በይልኝ። ነጩን ክር አልነቀልኩትም፤ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ።»

በንፋሱ ውስጥ ትንፋሿን ሰማሁት። በኋላ በጣም ቀስ ብላ «እሺ… እነግራቸዋለሁ» አለች። ድምፅዋ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። ሌላም ልትል ጀምራ ነበር። «ዘሪሁን፣ እኔ እኮ…» ስትል የስልከኛዋ ድምፅ በሩሲያኛ ገባ፦ «ደቂቃዎ አልቋል።»

ይኸው ነው። ጽጌ፣ ይህን ካነበብሽው አልተቆጣሁሽም፤ ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ። የእማማ ዘነበች ልጅም የትም ብትሆን ይቅር በለኝ።

እናንተ አንባቢዎቼን ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ መምህር ያለ የቤት ሥራ አይሰናበትምና። ከማንኛውም ልብስ ሰፊ ሜትር ተዋሱ። ክፍላችሁን ዝጉና ብቻችሁን ቁሙ። ደረታችሁን ለኩ፤ ይቻላል። ወገባችሁንም ለኩ፤ ይቻላል። ከዚያ ሜትሩን ወደ ኋላ አዙሩና ከአንዱ ትከሻ ጫፍ እስከ ሌላው ለመለካት ሞክሩ። ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፤ እኔ ሙሉ ከሰዓት ሞክሬዋለሁ። ሞክሩትና ስንት እንደመጣ ሳይሆን፣ መጨረሻ ላይ ማንን እንደጠራችሁ ጻፉልኝ።